ዘበኛና ሕሊና

ሰው ሕግን የሚጠብቀው ዘበኛ ስለሚያየው ነውን? ወይስ ልቡናው ስለሚፈርድበት? ይህ ጥያቄ በቀራንዮና በኮልፌ መንደሮች ለምንኖር ካህናትና ምእመናን የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ከኪሳችን የምንከፍልበት ጥያቄ ነው። በየመንደሩ የሌሊት ጥበቃ ይቀጠራል፤ አባወራውም ሁሉ ድርሻውን ያዋጣል፤ በአጥሩ ላይ እሾሃማ ሽቦ ይጨመራል፤ አቅም ያለውም ካሜራ ይሰቅላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ «ፖሊስ አነሰን» ይባባላል እንጂ «ሕሊና አነሰን» ሲል አይሰማም። ስለዚህ ነገሩን ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአገራችን ታሪክ ጋር እያገናዘብን ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

ከሩቅ ሳንጀምር ከራሳችን ደጅ እንነሣ። ወደ ቤተ መቅደስ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ ይህም ሙሴ በዕፀ ጳጦስ ፊት በቆመ ጊዜ የታዘዘውን የሚያስታውስ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ዛሬ በአዲስ አበባ አድባራት ብዙው ምእመን ያወለቀውን ጫማ በፌስታል ቋጥሮ ይዞት ይገባል፤ ከደጅ የተተወ ጫማ ቅዳሴው ሲፈጸም ላይገኝ ይችላልና። ሙዳየ ምጽዋቱም ይቆለፋል፤ ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቀመጥም፤ ሲከፈትም ገንዘቡ በምስክሮች ፊት ይቈጠራል። ጥምቀትና መስቀል ሲደርሱ ፖሊስ «ኪሳችሁን ጠብቁ» ብሎ ያስጠነቅቃል። የመድኃኔ ዓለምን ክብረ በዓል በጥቅምት 27 ስናከብር፥ ጌታ በወንበዴዎች መካከል የተሰቀለበትን እያሰብን ሳለን፥ ኪስ አውላቂው ከዘማሪው ጎን ቆሞ እልል ይላል። እንግዲህ «ሃይማኖት ባለበት ዘበኛ አያስፈልግም» የሚል ሰው ቢኖር መጀመሪያ ጫማውን ከደጅ ትቶ ይግባና ይፈትነው።

ይህን ስንል ግን ምእመናንን ልናሳፍር አይደለም። በዚያው ቅጽር ግቢ የወደቀ ገንዘብ ወይም የተረሳ ስልክ አንሥቶ ለካህናት የሚያስረክብ ሰው አለ፤ ከቅዳሴ በኋላ «የጠፋባችሁ ምልክቱን ተናግራችሁ ውሰዱ» ተብሎ ሲነገር የማይሰማበት ደብር የትኛው ነው? ያነሣውን ሰው ማንም አላየውም፤ ካሜራም አልነበረበትም። አንዱን ጫማ ሲያሰርቅ ሌላውን ስልክ የሚያስመልሰው ምንድር ነው? በዚያ ሰዓት በሁለቱም ላይ የቆመ ዘበኛ አልነበረምና ልዩነቱን ከውጭ መፈለግ አይቻልም።

ቀራንዮ የሚለው የሠፈራችንና የደብሩ መጠሪያ ከጽርዕ የመጣ ሲሆን ራስ ቅል ማለት ነው። በዚያ በኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው ቀራንዮ የሮም ሕግ ከነሙሉ ኃይሉ ቆሞ ነበር፤ መቶ አለቃው ነበረ፥ ወታደሮቹም ነበሩ፥ የክሱም ጽሕፈት ከመስቀሉ በላይ ተጽፎ ነበር። ሁለት ወንበዴዎች በአንድ ፍርድ፥ በአንድ ጥበቃና በአንድ ሕማም ተይዘው ሳሉ አንደኛው ሲሳደብ ሞተ፤ ፈያታዊ ዘየማን ግን የተቀበለው ቅጣት የሥራው ዋጋ መሆኑን በገዛ አንደበቱ መሰከረ፤ ምንም ያልበደለው ከእነርሱ ጋር መሰቀሉንም ተናገረ። ዘበኛው ለሁለቱም እኩል ነበር፤ እኩል ያልነበረው ልቡናቸው ነው። ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት የለብንም። ይህ ሰው ሕሊናው የነቃው እጁ ከተቸነከረ በኋላ ነው፤ በበረሃ ሳለ፥ መንገደኛውን ሲገፍ፥ ነቅቶ እንደ ነበር ወንጌል አይነግረንም። ስለዚህ ቅጣት ሕሊናን አይፈጥርም ቢባል እውነት ነው፤ የተኛውን ሕሊና አይቀሰቅስም ቢባል ግን ሐሰት ነው።

መምህራኖቻችን ሕግን በሦስት ዘመን ከፍለው ያስተምራሉ፤ ሕገ ልቡና፥ ሕገ ኦሪት፥ ሕገ ወንጌል። ከአዳም እስከ ሙሴ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ሄኖክና ኖኅ፥ መልከ ጼዴቅና አብርሃም በልባቸው በተቀረጸው ሕግ ኖሩ። ቅዱስ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 2 ኦሪት ያልተሰጣቸው አሕዛብ እንኳ የሕግን ሥራ ሲሠሩ ሕጉ በልባቸው የተጻፈ መሆኑን እንደሚያሳዩ፥ ሕሊናቸውም አንድ ጊዜ ከሳሽ አንድ ጊዜ ጠበቃ ሆኖ እንደሚመሰክር ያስተምራል። ዮሴፍን አስቡ። በጲጥፋራ ቤት በሩ ተዘግቶ ነበር፤ አባቱ ያዕቆብ በከነዓን ነው፤ ወንድሞቹ ሸጠውታል፤ ከነገዱ አንድ ምስክር እንኳ አልነበረበትም። እንዲያውም ሕጉን ባይጠብቅ ይጠቀም ነበር፤ ስለ ጠበቀ ግን ወኅኒ ወረደ። የጻፈ ሙሴ ገና አልተወለደም ነበርና ዮሴፍን የጠበቀው ከጽላቱ በፊት የነበረው ሕግ ነው።

ከዮሴፍ በተቃራኒ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ አለ። ጌታው ከንዕማን እጅ መንሻ አልቀበልም ብሎ ሲያሰናብተው ግያዝ በስውር ተከትሎ ብርና ልብስ ተቀበለና በቤቱ ሸሸገ። ይህ ሰው ያደገው በነቢይ ቤት ነው፤ ተአምራትን በዓይኑ አይቶአል። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያደግን ሁላችን ይህን ታሪክ ለሌላ ከመስበካችን በፊት ለራሳችን ማንበብ ይገባናል።

አባቶቻችን ይህን የልቡና ሕግ በአደባባይ የሚሠራ አድርገው ያቆዩበት አንድ ታላቅ ቃል ነበራቸው፤ «በሕግ አምላክ» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዝዘው ሲጣሉ፥ ወይም ባለ ዕዳ ከአበዳሪው ሊያመልጥ ሲሮጥ፥ አንድ ደካማ ሽማግሌ ወይም አንዲት ባልቴት «በሕግ አምላክ!» ብትል የተነሣው ዱላ ይወርዳል፤ የሚሮጠውም ይቆማል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል» የተባለው ስለዚህ ነው። ይህንም ቃል በሚገባ እንመርምረው። በሕግ ዘበኛ አይልም፤ በሕግ ጅራፍም አይልም። ሕጉ አምላክ እንዳለው፥ የሚያስቆመውም የጠሪው ጉልበት ሳይሆን ያ አምላክ እንደ ሆነ ይናገራል። የቆመውም ሰው በአጠገቡ ወታደር ስለ አየ አልነበረም የቆመው፤ ባይቆም ራሱን ከሰው ቊጥር ያወጣ ስለሚመስለው ነው እንጂ።

ከዚያም በኋላ የሆነው ከዚህ ያነሰ አይደለም። ተካሳሾች በመንገድ የሚያልፈውን እንግዳ ሰው «ዳኛችን ሁን» ብለው ያስቆሙት ነበር፤ እርሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማል። ነገሩ ከበድ ካለም ከሳሽና ተከሳሽ የሸማቸውን ጫፍ እርስ በርስ ቋጥረው፥ ተቆራኝተው፥ ወደ ከፍተኛው ዳኛ አብረው ይሄዱ ነበር። ሸማ ሰንሰለት አይደለም፤ በአንድ ትንቅንቅ ይቀደዳል። ከአገር ውጭ የመጡ መንገደኞች ይህን አይተው ተደንቀው ጽፈዋል። የተቋጠረው ጨርቅ ሳይሆን ቃል እንደ ነበረ አላዩትም ይሆናል፤ ዋስ የሚጠራው፥ በንጉሥ ስም የሚምለው፥ ግዝት የሚፈራው ሰው ግን ያውቀው ነበር።

ያለፈውን ሁሉ ወርቅ ማድረግ ደግሞ የመምህር ሥራ አይደለም። በዚያው በቀድሞው ዘመን ሌባ ሻይ የተባለ ነበረ፤ ለአንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጡትና ሰክሮ እየተንገዳገደ ከገባበት ቤት የተገኘውን ሰው ሌባ ነህ ይሉት ነበር። ይህ ሕሊናም ሕግም አልነበረም፤ በንጹሕ ሰው ላይ የሚወድቅ ድንጋጤ ነበር እንጂ፤ መቅረቱም መልካም ሆነ። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የተባለው ግን ከዚህ ይለያል። ወንጀል ሲሠራ የአገሩ ሰው ሁሉ በሜዳ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲያወጣ ይደረግ ነበር። ሰው ከሥራው ተፈትቶ ብዙ ቀን መንገላታቱ ጉዳት ነበረው፤ በቂምም የተጠቈመ አይጠፋም። ሆኖም የጎረቤት ኃጢአት የጎረቤት ጕዳይ መሆኑን ያስተምር ነበር። ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚጮኽ ሰው እየተሰማ «ፖሊስ ይምጣ» ተብሎ በር ሲዘጋ ይህ ትምህርት እንደ ጠፋ እናያለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን እንሻገር። አዲስ አበባ በፊት የአራዳ ዘበኛ ነበራት፤ ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 ዘመናዊው የፖሊስ ሠራዊት ተቋቋመ። በመካከሉ ግን ይህች ከተማ ጥያቄያችንን በደም የመለሰችባቸው ሁለት ጊዜያት አሉ።

የመጀመሪያው በ1928 ዓ.ም. ነው። የፋሺስት ጦር ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ የኢጣልያ ጦር የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመካከል ባሉት ቀኖች ከተማዋ ጠባቂ አልነበራትም። መደብሮች ተሰበሩ፥ ተዘረፉ፥ ተቃጠሉ፤ ጠመንጃ በየሰዉ እጅ ስለ ነበረ በዘረፋው ላይ ሰው ከሰው ተታኰሰ፤ የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮኑ ተጠለሉ። የዘረፉት ሰዎች ከሌላ ዓለም የመጡ አልነበሩም፤ ባለፈው እሑድ የተሳለሙ፥ ዐቢይ ጾምን ጾመው ፋሲካን ያከበሩ ነበሩባቸው። ሁሉም ነዋሪ እንዳልዘረፈ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የማይዘርፈው ብዙ ሰው የሚዘርፈውን ጥቂት ሰው ሊያስቆም አልቻለም። «በሕግ አምላክ» ቢባልም በተኵስ መካከል የሚሰማው አልተገኘም።

ሁለተኛው ከዚያ አሥር ወር እንኳ ሳይሞላ ሆነ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኾች ምጽዋት ሲሰጥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀኖች በከተማዪቱ የዘበኛ ማነስ አልነበረም፤ መሣሪያ የታጠቀ፥ መለዮ የለበሰ፥ በሥርዓት የተደራጀ ኃይል መንገዱን ሁሉ ሞልቶት ነበር። ቤት ከነሰው ያቃጠለው፥ መንገደኛውን በአካፋና በዶማ የገደለው ግን ያው ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ነው። ኢትዮጵያ በእነዚያ ቀኖች ያለቀው ሕዝብ 30,000 እንደሚደርስ ትናገራለች። ከ1928 ዓ.ም. ዘረፋ ጋር ስናስተያየው ምን እንላለን? ዘበኛ በታጣባቸው ቀኖች ሱቅ ተቃጠለ፤ ዘበኛ በበዛባቸው ቀኖች ሰው ተቃጠለ።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስል አንድ የውጭ ምሳሌ እንጨምር። በካናዳ የሞንትሪያል ከተማ ፖሊሶች በመስከረም 27 ቀን 1962 ዓ.ም. የሥራ ማቆም አድማ አደረጉ። ከተማዪቱ ሀብታም ናት፤ ጦርነትም አልነበረባትም። ሌሊቱ ሳይነጋ ባንኮች ተዘረፉ፥ የመደብሮች መስተዋት ረገፈ፥ ሰውም ሞተ። ጥጋብና ትምህርት ብቻውን በዘበኛ ምትክ እንደማይቆም ያን ቀን ታየ።

ስለዚህ ቅዱስ ጳውሎስ በዚያው በሮሜ መልእክት በምዕራፍ 13 መኰንን ሰይፍ የታጠቀው በከንቱ እንዳልሆነ፥ ክፉ ለሚሠራው የእግዚአብሔር አገልጋይ ሆኖ እንደሚቀጣ ማስተማሩ ልክ ነው። ነገር ግን ሐዋርያው በዚያ አላቆመም፤ መገዛት የሚገባው ቅጣትን ስለ መፍራት ብቻ ሳይሆን ስለ ሕሊናም ጭምር መሆኑን ጨመረበት። ሁለቱን አንድ ላይ አሰራቸው እንጂ አንዱን በሌላው አልተካም። ፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ሃይማኖትና ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚናገሩትን 22 አንቀጾች አስቀድሞ፥ የዓለማዊውን ፍርድ ነገር ከ23 እስከ 51 አድርጎ በአንድ ጥራዝ ማያያዙ በዚህ ዓይነት ሊታይ ይገባዋል ብለን እናስባለን።

እኛ የምንፈርደው እንዲህ ነው። ዘበኛ የሚያስፈልገው ስለ ደጉ ሰው አይደለም፤ ሕሊናው በእሳት እንደ ተተኰሰ ሥጋ ደንዝዞ የማይሰማውን ሰው ከደካማው ላይ ለመግታት ነው። አንዲት ባልቴት በምሽት ከሠርክ ጸሎት ስትመለስ የቀማኛውን ንስሐ መጠበቅ አትችልም። ፖሊሱ የሚጠብቅላት ዛሬን ነው። ነገር ግን በከተማው ውስጥ ሕሊና የሌለው ሰው ከጥቂቶች ወደ ብዙዎች ያለፈ ቀን የዘበኛው ቊጥር ቢደረብም አይበቃም፤ ዘበኛውም ከዚያው ሕዝብ መካከል የወጣ ነውና።

በዚህ ላይ ጥቂት ልንቈይ እንወዳለን። የጌታን መቃብር እንዲጠብቁ የተቀመጡትን ወታደሮች ማቴዎስ ጽፎልናል። ማኅተሙ ታትሞ ነበር፥ ድንጋዩ ታላቅ ነበር፥ ጠባቂዎቹም ነቅተው ነበር፤ የሆነውንም በዓይናቸው አዩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ተቀብለው «ተኝተን ሳለን ሰረቁት» ብለው አወሩ። ጠባቂው የሸጠው መቃብሩን ሳይሆን ያየውን ነበር። በአገራችንም አሽከርካሪ ለአጠፋው ጥፋት ከመቀጫው ያነሰ ገንዘብ በመንጃ ፈቃዱ ውስጥ አጥፎ ሲሰጥ፥ ተቀባዩም «ለሻይ» ብሎ ሲቀበል፥ ሁለቱ የተሻሻጡት ያንኑ ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ ለመጡት ወታደሮች መለዮአችሁን አውልቁ አላላቸውም፤ ሰውን በግፍ እንዳያስጨንቁ፥ በሐሰት እንዳይከሱ፥ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው መከራቸው። የሚበቃ ደመወዝ መክፈልም የመንግሥት ድርሻ መሆኑን ከዚህ ምክር መረዳት ይቻላል። ፊልክስ የተባለውም አገረ ገዥ ጳውሎስ ስለ ጽድቅና ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ፈርቶ ተንቀጥቅጦ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ ከጳውሎስ ገንዘብ ይጠብቅ ነበር። ልቡ እየተንቀጠቀጠ እጁ ተዘርግቶ የሚኖር ዳኛ በየዘመኑ አይታጣም። ሕሊና አለኝ ማለት በቂ አለመሆኑን ከፊልክስ የበለጠ የሚያስተምረን የለም።

ዘበኛ ጨርሶ የማይደርስበት ሥፍራም አለ፤ የሕዝብ ጤና የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው። በአዲስ አበባ ገበያ ከቅቤ ጋር ሙዝ፥ ከበርበሬ ጋር የሸክላ ዱቄት፥ ከእንጀራ ሊጥ ጋር ጄሶና ሰጋቱራ ቀላቅለው ሲሸጡ የተያዙ ሰዎች ነገር በየጊዜው ተሰምቶአል። የተያዙት ከተደረገው ስንተኛው እጅ ናቸው? በየሊጡ ቡሖ አጠገብ ፖሊስ ማቆም አይቻልም። ይህን የምታደርግ ሴት ወይም ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ዓርብና ረቡዕ ይጾም ይሆናል፤ ጾሙንም ቢገድፍ ይደነግጣል። በሰው ልጅ ሆድ ጄሶ ሲጨምር ግን አይደነግጥም። ይህ የእርሱ ጥፋት ብቻ ሳይሆን የእኛ የመምህራኑም ጕዳይ ነው፤ ስለ ጥሉላት አጥብቀን ስናስተምር ስለ ሚዛን የምናስተምረው እጅግ ጥቂት ነውና።

ደግሞ ሰው ሕጉን ለምን እንደ ወጣ ሳያውቅ ዘበኛውን ብቻ ሲያውቅ ምን እንደሚሆን በኮሮና ዘመን አይተናል። መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአደባባይ አፍና አፍንጫን መሸፈንም ግዴታ ሆነ። ብዙው ሰው ጭምብሉን ከአገጩ በታች አንጠልጥሎ ይሄድ ነበር፤ የፖሊስ መለዮ ከሩቅ ሲታየው ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ፖሊሱ ሲያልፍ መልሶ ዝቅ ያደርገዋል። በሽታው ፖሊሱን እንደማይፈራ የነገረው አልነበረምን? ተነግሮታል፤ ግን ሕጉን የጤናው ሳይሆን የፖሊሱ አድርጎ ስለ ቈጠረው እንዲህ ሆነ። በመንገድ ዳር ሸቀጧን በላስቲክ ላይ ዘርግታ የምትሸጠው እናት ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጠቅልላ የምትሮጠው፥ ሲሄድም የምትመለሰው ግን ከዚህ በጥቂቱ ይለያል። እርስዋን ሕሊናዋ አይከሳትም፤ ለልጆችዋ እንጀራ መፈለግ ኃጢአት መስሎ አይታያትምና። በእርስዋ ላይ ዘበኛ ከመጨመር የምትሸጥበትን ሥፍራ ማዘጋጀት ይቀድማል እንላለን።

ከዚህ የሚከተል አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሕጉ ራሱ ክፉ ሲሆንስ? ከሠፈራችን ብዙ ሳንርቅ በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር በ1954 ዓ.ም. ክረምት አንድ የደቡብ አፍሪካ ሰው የውትድርና ትምህርት ተምሮአል፤ ኔልሰን ማንዴላ ነው። ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ወዲያው ተያዘ፤ የታሰረባቸውም ዓመታት 27 ሆኑ። በአገሩ የነበረው ሕግ ጥቁሩን ሰው በገዛ ምድሩ የይለፍ ወረቀት ሳይዝ እንዳይንቀሳቀስ ይከለክል ነበር፤ ፖሊሱም ብዙ ነበር፤ በዚህ ሕግ ምክንያት በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሰው ይያዝ ነበር። ይህን ያህል ሰው መያዙ ራሱ ሕጉ በሰው ልብ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዳልገባ ያሳያል፤ በመጨረሻም በ1978 ዓ.ም. ተሻረ። የእኛም አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት የወደቁት ወራሪው ያወጣውን ትእዛዝ ሕሊናቸው ሕግ ነው ብሎ ስላልተቀበለው ነው። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ግብር ላለመክፈል ወይም ቀይ መብራት ለመጣስ የሚጠቅስ ሰው ቢመጣ አንሰማውም። አቡነ ጴጥሮስ የከፈሉት የገዛ ነፍሳቸውን ነው፤ ቀይ መብራት የሚጥሰው ግን የሚያስከፍለው የሌላውን ሰው ነፍስ ነው። ሕሊናዬ ነው የሚል ሰው ዋጋውን ማን እንደሚከፍል በመጠየቅ እውነተኛነቱን መለየት ይቻላል።

እንግዲህ ሕሊና እንዴት ይበቅላል? ታላቁ ባስልዮስ ሰው ትእዛዝን የሚጠብቅባቸውን ሦስት ጠባዮች ለይቶ አስተምሮአል፤ እንደ ባርያ ቅጣትን ፈርቶ፥ እንደ ምንደኛ ዋጋን ሽቶ፥ እንደ ልጅ አባቱን ወድዶ። ልጁ ቀድሞ አይገኝም፤ ሰው ከመጀመሪያው ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው ይወጣል። በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፍን ይህን በራሳችን ሕይወት እናውቀዋለን። ፊደል ስንቈጥር የየኔታ አርጩሜ ነበረ፤ ያን ጊዜ ከአርጩሜው በቀር የሚያስቀምጠን አልነበረም። ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ቤት ስንደርስ ግን ከአገራችን ርቀን፥ ደበሎ ለብሰን፥ ከውሻ ጋር እየታገልን ለምነን ስንበላ፥ የስም ጥሪ አልነበረም፤ የጠፋ ተማሪ ቢኖር ማንም አይፈልገውም። መምህሩ ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ነበሩ። ሌሊት ተነሥቶ ቀለሙን የሚያጠናውን ልጅ የሚያስነሣው ማን ነበር? አርጩሜው በፊት ባይኖር ኖሮ ወደዚያ ባልደረስን ነበር፤ እስከ መጨረሻ አርጩሜው ብቻ ቢሆን ኖሮም ከዚያ ምንም ይዘን ባልወጣን ነበር። በቤቱ ልጁን የሚያሳድግ ወላጅ ልጁ የሰው እርሳስ ይዞ ሲመጣ «ማን አየህ?» ከማለት በፊት «የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ለካህናት ወንድሞቻችን አንድ የሥራ ነገር እናስታውሳለን። የንስሐ አባት በሕሊናና በሕግ መካከል የቆመ ሰው ነው፤ ፖሊስ የማይሰማውን እርሱ ይሰማል። የሰረቀ ሰው ለኑዛዜ ሲመጣ ጾምና ስግደት ብቻ ተሰጥቶት፥ የሰረቀውም ገንዘብ በእጁ እንዳለ የሚሰናበት ከሆነ ሕሊናውን አስተኛንለት እንጂ አላዳንነውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ከተሰረቀው ላይ ጥቂቱን ለቤተ ክርስቲያን ስእለት አድርጎ ሲያመጣና ጃንጥላ ተዘርግቶ በእልልታ ሲቀበሉት ነው፤ የድኻውን ላም ነድቶ ቀንድዋን ለመቅደስ እንደ መስጠት ነውና። ዘኬዎስ በቤቱ ጌታን በተቀበለ ጊዜ ከቀማው አራት እጥፍ ለባለቤቱ እመልሳለሁ አለ እንጂ ለምኵራብ እሰጣለሁ አላለም። እንግዲህ የሰረቀው ሰው መመለስ እየፈለገ መታሰርን ፈርቶ ቢያመነታ፥ ካህኑ ዕቃውን ወይም ገንዘቡን ከእጁ ተቀብሎ ወደ ባለቤቱ ይሂድ፤ የላከውን ሰው ስም አይናገር፤ ባለቤቱም «ማን ነው?» ብሎ ቢያስጨንቀው የኑዛዜውን ምሥጢር ይጠብቅ። ባለቤቱ ካልታወቀ ወይም ከሞተ ለወራሾቹ ይፈለግ፤ እነርሱም ካልተገኙ በዚያን ጊዜ ለድኾች ይሰጥ። በእጁ ሰው የገደለ፥ ወይም ሌላ ሰው በእርሱ ወንጀል በሐሰት ታስሮ የሚገኝበት ሰው ቢመጣ ግን በገንዘብ እንደሚደረገው በካህኑ እጅ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ካህኑ ምሥጢሩን እንደ ጠበቀ፥ ሰውየው ራሱ በእግሩ ሄዶ በዳኛ ፊት እንዲቆም፥ ንጹሑም እንዲፈታ፥ በብዙ ትዕግሥትና በጸሎት ይምከረው፤ ቢፈራም እስከ ደጁ ድረስ አብሮት ይሂድ።